ስም ዝርዝሩ ላይ አሉ፣ ስብሰባ ላይ የሉም፦ ድሬ ያላችሁ የሂሳብ ባለሙያዎች ምን ትላላችሁ?

ጸሐፊው_ድሬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬ ውስጥ ባለ አንድ የሂሳብና ኦዲት ባለሙያዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የማኅበሩን ስም አልጠራም። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም ብዙ አልቀረባችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገባችን ላይ ከመቶ በላይ ሰው አለ። ጠቅላላ ጉባኤ ስንጠራ ሃያ ሰው ከመጣ ተመስገን ነው። ከሃያው ደግሞ ግማሹ የቦርድ አባልና የቦርድ አባል ጓደኛ ነው። መዋጮ የሚከፍለው ሰው በየዓመቱ እየሳሳ ሄዷል። የቴሌግራም ግሩፑ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ መለጠፊያ ሆኗል፣ አልፎ አልፎ የሥራ ማስታወቂያ ይገባል፣ እሱም ቀኑ ካለፈ በኋላ።

ያልሞከርነው የለም። ኮፍያና ቲሸርት አሳትመናል። ውዝፍ ያለበትን ምረናል። ቅጣት እንጣል ብለን ተነጋግረን፣ የማይመጣን ሰው ማን ይቀጣዋል ብለን ትተነዋል። እና ጥያቄዬ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። የሙያ ማኅበር ገብታችሁ የቆያችሁ፣ ምን አቆያችሁ? የወጣችሁ ደግሞ፣ ምን አስወጣችሁ? ሙገሳም ዲፕሎማሲም አልፈልግም።

ዲክላሬሽን፦

አቦ ዲፕሎማሲ ካልፈለግህማ ልንገርህ። ያለፈውን ጉባኤ የጠራችሁት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ጥቅምት መጨረሻ! የሂሳብ ሠራተኞች ማኅበር! የዓመቱ ሂሳብ ከሚዘጋበት ከሰኔ 30 በኋላ፣ የግብር ማሳወቂያው እስከሚያበቃበት እስከ ጥቅምት 30 ድረስ እኛ ሰው አይደለንም፣ ይሄን ለእናንተ መንገር አለብኝ? ነጋዴው ደረሰኙን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ የሚያመጣው የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው። ሲስተሙ ደግሞ ያው እሱ ሳምንት ላይ ይተኛል።

ሰዓቱስ? ከቀኑ 8 ሰዓት። ድሬ ላይ በ8 ሰዓት ሰው የሚሰበሰበው ወይ ለበርጫ ወይ ለቀብር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ የቁልቢ ሳምንት አደረጋችሁት። ታኅሣሥ 19 ሊደርስ ሲል ሆቴል የለም፣ መኪና የለም፣ ግማሹ አባል ቁልቢ ነው፣ የቀረው ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ እያስተናገደ ነው።

ሰው አልመጣም ከማለታችሁ በፊት ካሌንደር እዩ።

ጸሐፊው_ድሬ፦

@ዲክላሬሽን የጥቅምቱ ቀን ከላይ ነው የመጣው፣ ከዋናው ቢሮ። ቅርንጫፎች በሙሉ በዚያ ወር ጉባኤ አድርገው ሪፖርት ይላኩ ተባለ። የቁልቢው ግን ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚመጡ አባላት ይገኙልናል ተብሎ ሆን ተብሎ ነበር።

ዲክላሬሽን፦

መጡ?

ጸሐፊው_ድሬ፦

ቁልቢ መጡ።

ደረሰኝ_አምጡ፦

የወጣሁ ነኝ። ለምን እንደወጣሁ በአጭሩ ልንገርህ፦ ሦስት ዓመት ከፈልኩ፣ አንድም ደረሰኝ አልተሰጠኝም።

እስኪ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሥራችን ሰውን ደረሰኝ አምጣ ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ የወጣ ወጪ ግብር ላይ አይያዝልህም እያልን ነጋዴ እናስለቅሳለን። የራሳችን ማኅበር ግን መዋጮ በቴሌብር ወደ አንድ ሰው የግል ስልክ ይገባል። ጉባኤ ላይ የገቢና ወጪ ሪፖርት በቃል ይነበባል፣ "በአጠቃላይ ሚዛናዊ ነው" ይባላል፣ ይጨበጨባል። ምኑ ከምኑ ጋር ነው ሚዛናዊ? እኔ እጄን አውጥቼ የባንክ ማስታረቂያው የታለ ብዬ ስጠይቅ ሰብሳቢው "ወንድማችን እንተማመን" አለኝ። እንተማመን! ይሄን ቃል ደንበኛ ቢለኝ ፋይሉን ጥዬለት ነው የምሄደው።

ማንም ሰረቀ አላልኩም። ሰርቀውም አይመስለኝም፣ የሚሰረቅ ብር መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ግን የሂሳብ ባለሙያ ሂሳቡን የማያይበት ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል?

ከዚራ_ጥላ፦

ሃሃሃ "እንተማመን" ገደለኝ።

ቁም ነገሩ ግን፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ማኅበር በየዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የማቅረብ ግዴታ አለበት። እና ወረቀቱ የሆነ ቦታ አለ። አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት የተላከውን ሪፖርት እዚህ ላለው አባል በቴሌግራም መላክ ምን ያስፈራል? ፒዲኤፍ ነው። የሞባይል ዳታ እኛ እንከፍላለን።

ጸሐፊው_ድሬ፦

ደረሰኙ ላይ የምከራከርበት ነገር የለኝም። ገንዘብ ያዡ በደብተር ይመዘግባል፣ ደብተሩ ንጹሕ ነው፣ አይቼዋለሁ።

ደረሰኝ_አምጡ፦

በደብተር 😂

ፒችትሪ ላይ፣ በሂሳብ ሶፍትዌር ያደግን ሰዎች!

የጁገል_ልጅ፦

ከሐረር ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። እናንተ ድሬዎች ሁሌም ነገሩን ወደ ገንዘብና ወደ ሰዓት ትወስዱታላችሁ።

እኛ ዘንድ አፎቻ አለ፣ እንደ ዕድር ያለ መረዳጃ። የወንዶች አለ፣ የሴቶች ለብቻው አለ። ሠርግም ለቅሶም በእሱ ነው የሚያልፈው። አባቴ በሕይወቱ ከአፎቻ የቀረበት ቀን አላስታውስም፣ ታሞም ሰው ልኮ ነው የሚቀረው። ቲሸርት ሰጥተውት አይደለም። ለምን ይሄዳል ብትለኝ፣ አንደኛ እሱ ሲቀር ቦታው ባዶ መሆኑ ይታያል፣ ማታውኑ "ምን ሆነህ ነው?" የሚል ሰው ቤት ይመጣል። ሁለተኛ የሚሠራው ሥራ አለው። እሱ ካልሄደ የሆነ ነገር ሳይሠራ ይቀራል።

የእናንተ ማኅበር ውስጥ ሰው ዓመት ሙሉ ቢጠፋ ማን ያውቃል? ማን ይደውልለታል? መልእክት የሚደርሰው ውዝፍ ሲኖርበት ብቻ ነው። ያውም ለሁሉም በአንድ ላይ የተላከ፣ "ውድ አባላችን" የሚል።

ዲክላሬሽን፦

@የጁገል_ልጅ ወንድሜ አፎቻና ዕድር ሌላ ነው። ከዕድር ብትወጣ እናትህን ማን ይቀብርልሃል? ያ ፍርሃት ነው የሚያቆይህ። ከሙያ ማኅበር ብወጣ ምን ይቀርብኛል? ኮፍያ። ማወዳደሪያው አይያዝልኝም።

የጁገል_ልጅ፦

እሺ እሱን ልቀበልህ። ግን እዚያው ነህ። ብወጣ ምን ይቀርብኛል የሚለውን አንተው ጠየቅህ። መልሱ ኮፍያ ከሆነ ችግሩ ከአባሉ ነው ወይስ ከማኅበሩ?

አዲስ_ምሩቅ፦

እኔ አሁንም አባል ነኝ ግን መቆየቴን አላውቅም። ልናገር?

ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እንደያዝኩ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቀድሜ ደረስኩ። "ጎበዝ፣ እስኪ ውሃ አድዪ" ተባልኩ። አደልኩ። ሁለተኛው ላይ የስም ወረቀት ደረት ላይ አስለጠፍኩ። ሦስተኛው ላይ ፎቶ አነሳሁ። ስለ ሥራዬ፣ የት እንደምሠራ፣ ምን እንደቸገረኝ የጠየቀኝ ሰው የለም። የሚያወሩት እርስ በርስ ነው፣ የሚያወሩትም ስለ ድሮ ነው።

የቸገረኝን ልንገራችሁ። የምሠራበት ቤት ባለቤት ሁለት መዝገብ ያዢ ይለኛል። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የገቢዎች። ዩኒቨርሲቲ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ፣ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ አስተምረውኛል፣ ይሄን ግን ማንም አላስተማረኝም። እምቢ ካልኩ ሥራዬ ይሄዳል፣ እሺ ካልኩ ፊርማዬ ነው ያለው። ለቤተሰብ አይነገር። ለጓደኛ ብነግር "ሁሉም እንደዚያ ነው" ይለኛል። እኔ ማኅበር የገባሁት ይሄን የምጠይቀው አንድ ትልቅ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር። ግሩፑ ላይ እንዳልጽፈው አሠሪዬን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል።

ከዚራ_ጥላ፦

@አዲስ_ምሩቅ እህቴ እንዳትፈርሚ። የምሬን ነው። ታክስ ኦዲት የመጣ ቀን "ሂሳብ ሠራተኛዋ ናት ያበላሸችው" ነው የሚለው፣ ስንቱን አይቻለሁ። ለብቻ ጻፊልኝ፣ በአፍ እናወራለን። ለባለቤቱ እንዴት እንደሚነገር መንገድ አለው፣ ሰውየው ብዙ ጊዜ ቅጣቱ ስንት እንደሚደርስ ራሱ አያውቀውም። ቁጥር አስልተሽ ስታሳዪው ቋንቋው ይለወጣል።

ጸሐፊው፣ ይሄን አንብበሃል? ውሃ አስዞሯት!

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ፦

ልጆቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ በምድር ባቡር ሂሳብ ክፍል የሠራሁ ነኝ፣ ሰነዱ በፈረንሳይኛ በነበረበት ጊዜ። ዛሬ ዓይኔ ደክሟል፣ ይሄንንም የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ይቺ ልጅ ያነሳችው የሁለት መዝገብ ነገር በእኛም ዘመን ነበር። ለእኔ የነገረኝ አለቃዬ ነው። ከሥራ ስንወጣ ከለገሃር እስከ ከዚራ ሰፈር በእግር እየሄድን፣ የዛፎቹ ጥላ ሥር። "ከብዕርህ የወጣውን ነገ ዳኛ ፊት ቆመህ ማስረዳት ከቻልክ ጻፈው" አለኝ። ስብሰባ ላይ አይደለም፣ አዳራሽ ውስጥ አይደለም።

እኔም የማኅበሩ አባል ነበርኩ። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ አንድ ቀን የምስክር ወረቀት ሰጡኝና ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም። ጊዜ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ቁጭ ብዬ የምውል ሰው ነኝ። ወጣት ቢላክልኝ አዲሱን አዋጅ ላላውቀው እችላለሁ፣ ሰው ሲያስፈራራ እንዴት እንደሚቆም ግን አሳየዋለሁ።

አዲስ_ምሩቅ፦

አባባ እግዜር ይስጥልኝ 🙏 እመጣለሁ፣ የልጅ ልጅዎ አድራሻውን ለብቻ ይላክልኝ።

ሳቢያን_ማታ፦

እኔ የቆየሁ ነኝ፣ ለምን እንደቆየሁ ልጻፍ፤ ረጅም ነው ታገሱኝ።

አባል ሆኜ ስብሰባ ላይ እግሬን አልጣልኩም ነበር። አንድ ቀን የማስተዳድረው ድርጅት ላይ የግብር ውሳኔ መጣ። ወረቀቱን ሳየው ያልያዙልን ወጪ፣ ቫት፣ ወለድ፣ መቀጫ ተደማምሮ የድርጅቱን ዕድሜ የሚቀጥፍ ቁጥር ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ "ሰው አለኝ እጨርሰዋለሁ" እያለ ቀን ሲያስቆጥር እኔ ሳላውቅ ብዙ ቀን አልፏል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ቅሬታ ለማቅረብ ያለህ ውሳኔው ከደረሰህ 21 ቀን ነው። ካለፈህ ውሳኔው ይጸናል። ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን እሄዳለሁ ብትል ደግሞ ያከራከረውን ግብር ግማሽ ከፍለህ ነው የምትገባው፣ የሌለህን ብር።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። በእንኳን አደረሳችሁ ካርዶች መሃል። የሚመልስ ይኖራል ብዬ አይደለም፣ ጨንቆኝ ነው። ሦስት ሰዎች ደወሉ። አንዷን በአካል እንኳ አላውቃትም። በነጋታው ከዚራ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ ነፋሱ እንዳይወስደው የስኳር ዕቃ ጭነንበት። ሴትየዋ እስክሪብቶ አወጣችና መጀመሪያ ቁጥሩን አላየችም፣ ወረቀቱን ፈርመን የተቀበልንበትን ቀን ፈልጋ አከበበችው። "ከሁሉ በፊት ይሄ" አለች። ከዚያ ያልያዙልንን ወጪዎች አንድ በአንድ፦ ይሄ ደረሰኝ አለው፣ ይሄ የሻጩ የግብር ከፋይ ቁጥር (ቲን) ተሳስቷል ይስተካከላል፣ ይሄንን ተወው አትሟገትበት፣ ሌላውን ያበላሽብሃል። ቅሬታውን ቀኑ ሳያልፍ አስገባን። ሁሉ ነገር አልተነሳልንም፣ ግን ድርጅቱ ዛሬም ክፍት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋጮ ክፈል ተብዬ አላውቅም። ራሴ ነኝ የምከፍለው። እና ልብ በሉ፣ ይሄን ያደረገልኝ ማኅበሩ አይደለም። አባላቱ ናቸው። ቦርዱ እስከ ዛሬም መስማቱን እንጃ።

ዲክላሬሽን፦

ይሄ ነው እንግዲህ። ባለፈው የገቢ ግብር ማሻሻያው 1395/2017 የወጣ ጊዜም እንደዚያው ነበር፣ ታስታውሳላችሁ? ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው 600 ብር የነበረው 2,000 ሆነ ሲባል፣ የሐምሌን ፔይሮል በየትኛው እንሥራ እያለ ግሩፑ ሌሊት ሙሉ ሲንጫጫ አደረ። ዓመት ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ሰው ኤክሴል ሠርቶ ለቀቀ። ማን አዘዘው? ማንም።

ባለ_አበል፦

ሁላችሁም ቆንጆ ቆንጆ ነገር እያወራችሁ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ? ሰው ስብሰባ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው "አበል አለው?" ነው። አበል ያለው ሥልጠና ሲሆን ወንበር ይጠፋል። ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ከሻይ በኋላ ይጠፋል። አገራችን ይሄ ነው። መፍትሔው ግዴታ ማድረግ ነው። የጤና ባለሙያዎችን እዩ፣ የሙያ ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ይጠየቃሉ፣ እና ሥልጠና ፍለጋ ይራወጣሉ። እኛም ያለ ነጥብ ፈቃድ የለም ይባል፣ መቶውም ይመጣል።

ጅቡቲ_ነኝ፦

@ባለ_አበል የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ጅቡቲ ነው። የኤ.ሲ.ሲ.ኤ፣ የእንግሊዙ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር አባል ነኝ። ግዴታውን በደንብ አውቀዋለሁ። በዓመት 40 ነጥብ፣ ከእሱ 21ዱ በማስረጃ የሚረጋገጥ፣ ክፍያው ደግሞ በየፈረንጅ ጥር ወር፣ በፓውንድ። ማንም ደውሎ አይለምነኝም፣ ካልከፈልኩ ከስሜ ቀጥሎ ያሉት ፊደሎች ይነሳሉ። አለቀ።

ግን ልንገርህ፣ ከእነዚያ ነጥቦች አብዛኛውን የምሰበስበው ማታ ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ እያስኬድኩ ወጥ እየሠራሁ ነው። ግዴታ ሰውየውን ያመጣልሃል፣ ልቡን ግን ቤቱ ትቶት ይመጣል። ሳቢያን ያወራውን ዓይነት ሌሊት የሚደውል ሰው በነጥብ አይገኝም። እኔ እንደዚያ ያለ ሰው የሚናፍቀኝ ድሬ ነው፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የማነበው።

ባለ_አበል፦

እሱስ ልክ። ግን ባዶ አዳራሽ ከማየት ወጥ እየሠራ የሚሰማ ይሻላል 😄

ደረሰኝ_አምጡ፦

አንድ ነገር ተረሳ። መዋጮው ስንት እጁ ነው እዚህ የሚቀረው? እኔ በነበርኩ ጊዜ ብዙው ወደ ዋናው ቢሮ ይሄድ ነበር፣ ሥልጠናው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። "የአባላት ቅናሽ አለ" ይሉሃል፣ ቅናሹ የትራንስፖርቱን አይሸፍን። ቅርንጫፍ ማለት ገንዘብ ሰብስቦ ወደ ላይ የሚልክ ቧንቧ ከሆነ ሰው ለምን ይቆያል?

ጸሐፊው_ድሬ፦

ሁሉንም አንብቤአለሁ፣ ከሥራ በኋላ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ። ለሁሉም አልመልስም፣ የምችለውን ልጻፍ።

ወደ ላይ የሚሄደውን ድርሻ እኔ ብቻዬን አልቀንሰውም፣ የደንብ ጉዳይ ነው። ቦርዱ ላይ አነሳዋለሁ፣ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም። የሂሳብ ሪፖርቱን ፒዲኤፍ ግሩፑ ላይ ለመልቀቅ ሰብሳቢውን አስፈቅጃለሁ፣ ትንሽ ፊቱ ጠቆረ እንጂ እሺ ብሏል። የማኅበሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር ይወጣል፣ ከእንግዲህ በማንም የግል ስልክ አትክፈሉ፣ ለገንዘብ ያዡም ነግሬዋለሁ፣ እንዲያውም ተገላገልኩ ነው ያለው።

ጉባኤውን እንርሳው ለጊዜው። የማስበው ሌላ ነው። በወር አንድ ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሪፖርት የለ ንግግር የለ፣ ወረቀት ያስጨነቀው ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ የሚያውቅ ያያል። የውሳኔ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ ያልታረቀ ባንክ ሊሆን ይችላል፣ "ሁለት መዝገብ ያዥ" ያለ አለቃም ሊሆን ይችላል። እዚያ የተወራ ከዚያ አይወጣም። ሐምሌና ጥቅምት ላይ በወር ሁለቴ፣ ምክንያቱም የሚያግዝ ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው፣ ዲክላሬሽን እንዳለው ስብሰባ ሳይሆን እርዳታ።

የጠፉትን መደወል ደግሞ እንካፈለው። አንድ ሰው አምስት ስም ይውሰድ። ስለ ውዝፍ ማንም እንዳያነሳ። እንዴት ነህ፣ የት ነህ፣ ምን እየሠራህ ነው፣ ይኸው።

ጥያቄ፦ ይሄን የወሩን ማታ የሚያስተባብር እፈልጋለሁ፣ ቦርድ ያልሆነ። @አዲስ_ምሩቅ ትሞክሪዋለሽ?

አዲስ_ምሩቅ፦

ውሃ የማድል ከሆነ አይሆንም።

ጸሐፊው_ድሬ፦

ውሃውን እኔ አድላለሁ። አንቺ ማን በማን ወረቀት ላይ እንደሚቀመጥ ትመድቢያለሽ።

አዲስ_ምሩቅ፦

እንደዚያ ከሆነ እሺ። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ከወጣቶቹ አንድ ሰው አብሮኝ ይሁን፣ ብቻዬን እንዳልሆን። ሌላ፣ መጀመሪያው ማታ ላይ አባባ የምድር ባቡር በባጃጅ ይምጡ፣ ሂሳቡ ከማኅበሩ ይሁን። በደረሰኝ ማለቴ አይደለም፣ ባጃጅ ደረሰኝ የለውም 😅

ደረሰኝ_አምጡ፦

የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ። አባል ባልሆንም።

ከዚራ_ጥላ፦

ቢሮዬ ከዚራ ነው፣ ከማታ 1 ሰዓት በኋላ ባዶ ነው፣ ቬንትሌተርም አለው። ወንበር አስራ ሁለት አለኝ።

ሳቢያን_ማታ፦

እኔ አራት አመጣለሁ። ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) ላይ ጥያቄ ያለው ከአሁኑ ይጻፍልኝ፣ ተዘጋጅቼ ልምጣ።

የጁገል_ልጅ፦

ሐረር ያለነውም እንመጣለን፣ መመለሻ መኪና ካለ። ማታ ታክሲ አይገኝም።

ዲክላሬሽን፦

እኔ እመልሳችኋለሁ፣ መኪናዬ አራት ሰው ትይዛለች። ጥቅምት ላይ ካልሆነ።